ቆሽት እንዴት ይፈጠራል? የስኳር በሽታና የስቴም ሴል ሕክምና፦ ለወጣቶቻችን የተዘጋጀ ትምህርት



በወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ በተደጋጋሚ ከምትጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ «ስኳር በሽታ በስቴም ሴል ይድናል የሚባለው እውነት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክፍል አይደለም። እናት ወይም አባት በስልካቸው የደረሳቸውን ማስታወቂያ እያሳዩ «ልጄ፣ እስኪ ይህን አንብብልኝ፤ ምን ይላል?» ሲሉ ነው። በቤታችን ውስጥ የሐኪሙን ደብዳቤ የምናነብ፣ ቀጠሮ የምንይዝ፣ የምናስተረጉም እኛ ልጆች ነን። ስለዚህ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ነገሩን ራሱን ማወቅ ይጠበቅብናል።

እኔ በሙያዬ ፋርማሲስት ነኝ። በየቀኑ ኢንሱሊን ለሰው አስረክባለሁ። በዚህ ትምህርት ልነግራችሁ የምፈልገው ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ምርምሩ እውነት ነው፣ ውጤትም አሳይቷል፤ ነገር ግን እዚህ የደረሰው ቆሽት በማኅፀን ውስጥ የሚፈጠርበትን ሥርዓት ደረጃ በደረጃ በመከተል ነው። ይህን ሥርዓት የተረዳ ሰው፣ ደረጃውን ዘልሎ ፈውስ እሸጣለሁ የሚለውን ነጋዴ ለይቶ ያውቃል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቆሽት ምን ይሠራል?

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ አካል ነው። አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ እያመረተ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። በውስጡ ግን እንደ ደሴት የተበተኑ ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦች አሉ። ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ በ1869 ገና ተማሪ ሳለ ስለገለጻቸው «የላንገርሃንስ ደሴቶች» ይባላሉ። ብዛታቸው ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል፤ ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን ከቆሽቱ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆኑ ነው።

በእነዚህ ደሴቶች ውስጥ «ቤታ» የሚባለው ሕዋስ ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ፣ ጉበትም ስኳር እንዲያከማች የሚያዝ ሆርሞን ነው። ቤታ ሕዋስ ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ይሠራል። በመጀመሪያ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ይለካል። ከዚያም የሚያስፈልገውን ያህል ኢንሱሊን ብቻ ይለቅቃል፤ ስኳሩ ሲወርድ ያቆማል። ይህን ሥራ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ይሠራል። በመርፌ የምንወስደው ኢንሱሊን ይህን የመለካት ችሎታ የለውም። ለዚህ ነው በጣት ደም መለካት፣ የበሉትን መቁጠር፣ ስኳር በድንገት እንዳይወርድ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው።

በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን ቤታ ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ቤታ ሕዋሳቱም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተዳከሙ ይሄዳሉ። በዓለም ላይ ካሉት ሕሙማን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ያለባቸው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ የወላጆቻችንም በአብዛኛው ይኸው ነው። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

2. ኢንሱሊን ሕይወት አዳነ፤ በሽታውን ግን አላስወገደም

በ1889 ሁለት ሐኪሞች፣ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ጆሴፍ ፎን ሜሪንግ፣ የውሻ ቆሽት ሲያወጡ ውሻው በስኳር በሽታ እንደተያዘ አዩ። የበሽታው ምሥጢር ቆሽት ውስጥ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ግልጽ ሆነ። በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት ኢንሱሊን ማውጣት ቻሉ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። ከዚያ በፊት በመጀመሪያው ዓይነት የተያዘ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር።

ለብዙ ዓመታት ኢንሱሊን የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። በ1982 በባክቴሪያ አማካይነት የሚመረት የሰው ኢንሱሊን በአሜሪካ ተፈቀደ።

ቀጣዩ እርምጃ ደሴቶቹን ራሳቸውን መተካት ነበር። በ2000 በካናዳ ኤድመንተን የጄምስ ሻፒሮ ቡድን፣ ከሞቱ ለጋሾች ቆሽት ደሴቶችን ለይቶ በጉበት ደም ሥር በኩል ለሰባት ሕሙማን ሰጠ። ሰባቱም የኢንሱሊን መርፌ አቆሙ። ታላቅ ዜና ነበር። ሆኖም ሁለት ችግሮች ወዲያው ታዩ። አንደኛ፣ ለአንድ ሕመምተኛ የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ለጋሾች ቆሽት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰውነት የሌላ ሰው ሕዋስ እንዳያጠፋ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ ግድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚያ መንገድ ከታከሙት ብዙዎቹ ወደ መርፌ ተመልሰዋል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ተረጋገጠ፦ የጠፉት ቤታ ሕዋሳት ከተተኩ ሰውነት ስኳሩን በራሱ ሊቆጣጠር ይችላል። የቀረው ጥያቄ «በቂ ሕዋስ ከየት ይመጣል?» የሚለው ሆነ።

3. ቆሽት በማኅፀን ውስጥ እንዴት ይፈጠራል?

መልሱ የተገኘው ፅንስን ከሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሰውን በማኅፀን ውስጥ ከደረጃ ወደ ደረጃ እያሸጋገረ እንደሚፈጥር በቁርኣን ትምህርታችን እናውቃለን። የቆሽት አፈጣጠርም በቅደም ተከተል የሚሄድ ነው።

ከፅንሰት በኋላ በአምስተኛው ቀን አካባቢ ፅንሱ ገና በዓይን የማይለይ የሕዋሳት ኳስ ነው። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት የትኛውንም የሰውነት ክፍል የመሆን ችሎታ አላቸው። ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ የምንለው ይህን የመሰለ፣ ራሱን እያበዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሕዋሳቱ በሦስት ንጣፎች ይለያሉ። ከውጪኛው ንጣፍ ቆዳና ነርቭ፣ ከመካከለኛው ጡንቻ፣ አጥንትና ደም፣ ከውስጠኛው ደግሞ የአንጀት፣ የሳንባ፣ የጉበትና የቆሽት ሕዋሳት ይወጣሉ።

ውስጠኛው ንጣፍ ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል። በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ከዚህ ቱቦ አንዱ በጀርባ፣ አንዱ በሆድ በኩል ሁለት ቡቃያዎች ይወጣሉ። በኋላ ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ቆሽት ይሆናሉ። በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ኢንሱሊን የሚሠሩ የመጀመሪያዎቹ ሕዋሳት ይታያሉ።

አንድ ሕዋስ «እኔ ቆሽት ነኝ» ብሎ እንዲያውቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? በእያንዳንዱ ደረጃ የሚበሩና የሚጠፉ ጂኖች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ፒ ዲ ኤክስ 1 ይባላል። በ1994 ይህ ጂን የሌላቸው አይጦች ያለ ቆሽት እንደሚወለዱ ታየ። በ1997 ደግሞ ሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች የተበላሹበት ሕፃን ያለ ቆሽት መወለዱ ተገለጸ። ቀጥሎ ኒውሮጄኒን 3 የተባለው ጂን ለጥቂት ጊዜ በርቶ ሕዋሱን ወደ ሆርሞን ሠሪነት ይመራዋል፤ ከዚያም ይጠፋል።

ሕዋሱ ከጎረቤቶቹም መልእክት ይቀበላል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዳግላስ ሜልተን ቡድን በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው፣ ከአከርካሪው መነሻና ከትልቁ የደም ሥር የሚመጡ መልእክቶች ባይኖሩ ቡቃያው ወደ ቆሽት አያመራም። መልእክቱ ያለ ጊዜው ቢመጣም ሕዋሱ ሌላ ነገር ይሆናል።

ይህን ለመረዳት የእናቶቻችንን ሊጥ አስቡ። ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፣ ከዚያ ምጣዱ ይሰማል። ደረቅ ዱቄት ምጣድ ላይ በትኖ እንጀራ የሚጠብቅ የለም። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው፤ እንጀራ የሚያደርገው ቅደም ተከተሉና ጊዜው ነው።

4. ያንኑ መንገድ በላቦራቶሪ መከተል

በ1998 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ቶምሰን ከሰው ፅንስ የተገኙ ስቴም ሴሎችን በላቦራቶሪ ማሳደግ ቻለ። በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ አራት ጂኖችን በማስገባት ብቻ የአይጥን የቆዳ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት መለሰ፤ በ2007 በሰው ሕዋስም ተሳካ። ለዚህ ሥራ በ2012 ከጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከዚህ በኋላ ፅንስ ሳይነካ ከአዋቂ ሰው ቆዳ ወይም ደም ግንደ ሕዋስ ማግኘት ተቻለ።

ግንደ ሕዋሱ እጅ ላይ አለ እንበል። ኢንሱሊን አምርት ብሎ ማዘዝ ግን አይቻልም። በፅንስ ውስጥ የሚያልፈውን መንገድ ሁሉ ማሳለፍ ያስፈልጋል። መጀመሪያ አክቲቪን በሚባል ፕሮቲን ወደ ውስጠኛው ንጣፍ፣ ከዚያ ወደ አንጀት ቱቦ፣ ከዚያ ፒ ዲ ኤክስ 1 ወደበራበት የቆሽት ቡቃያ፣ ከዚያ ወደ ሆርሞን ሠሪ፣ በመጨረሻም ወደ ቤታ ሕዋስ። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚሰጠው መልእክት፣ መጠኑና የሚቆይበት ቀን የተለያየ ነው።

በ2006 በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ የሚገኝ አንድ ኩባንያ ኢንሱሊን ያላቸው ሕዋሳት ማግኘቱን አሳወቀ። ሕዋሳቱ ግን እንደ ፅንስ ሕዋስ ያልበሰሉ ነበሩ፤ ለስኳር ተገቢ ምላሽ አይሰጡም። ከዚያ እስከ ብስለት ድረስ ስምንት ዓመት ፈጀ። በ2014 የሜልተን ቡድን ስኳር ሲጨመርላቸው ኢንሱሊን የሚለቁ ቤታ ሕዋሳት በብዛት ማግኘቱን አሳተመ። ሂደቱ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይወስዳል። በዚያው ዓመት በካናዳ የብሪትሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የቲሞቲ ኪፈር ቡድንም ተመሳሳይ ውጤት አወጣ።

ሜልተን መጀመሪያ የእንቁራሪትን ፅንስ ያጠና የነበረ ተመራማሪ ነው። በ1991 ወንድ ልጁ በስድስት ወሩ በመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ተያዘ፤ ኋላም ሴት ልጁ በወጣትነቷ ተያዘች። ከዚያ በኋላ ሥራውን ወደ ቆሽት አዞረ። ልጁ ከታመመበት ቀን እስከ 2014 ድረስ 23 ዓመት ነው። ሰበብን ማድረስ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ከዚህ መማር እንችላለን። ሌላም አስተውሉ፦ ሳይንቲስቶቹ ሕዋስ አልፈጠሩም። አላህ (ሱ.ወ.) ለሕዋሱ ያደረገለትን መንገድ አጥንተው ተከተሉት።

5. በሰው ላይ ምን ታየ?

ከሜልተን ላቦራቶሪ የተነሳው ሥራ በኋላ ቨርቴክስ ወደተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተላለፈ። ኩባንያው ከስቴም ሴል የተገኙ ደሴቶችን በ2021 ለመጀመሪያው ሕመምተኛ ሰጠ። መድኃኒቱ ዚሚስሌሴል ይባላል። ሙከራው የመጀመሪያው ዓይነት ያለባቸውንና ስኳራቸው ሳይታወቃቸው በአደገኛ ሁኔታ የሚወርድባቸውን ሰዎች የያዘ ነበር።

በሰኔ 2025 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ውጤት እንዲህ ነው። 12 ሰዎች ሙሉውን መጠን፣ 800 ሚሊዮን ሕዋሳት፣ በጉበት ደም ሥር በኩል አንድ ጊዜ ወሰዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከ12ቱ 10ሩ ኢንሱሊን መርፌ አያስፈልጋቸውም ነበር። የሁሉም ኤ ዋን ሲ፣ ማለትም የሦስት ወር አማካይ ስኳር፣ ከ7 በመቶ በታች ሆነ።

ኢንሱሊኑ በእርግጥ ከተተከለው ሕዋስ መምጣቱ የሚታወቀው በሲ ፔፕታይድ ምርመራ ነው። ቤታ ሕዋስ ኢንሱሊን ሲሠራ ሲ ፔፕታይድ የሚባል ቁራጭ አብሮ ይለቅቃል። በመርፌ የሚወሰደው ኢንሱሊን ውስጥ ይህ ቁራጭ የለም። ሕሙማኑ ከሕክምናው በፊት በምርመራ የሚታይ ሲ ፔፕታይድ አልነበራቸውም፤ በኋላ ታየ። ይህን ምርመራ አስታውሱት፤ በማስታወቂያ ላይ ለሚቀርብ ወሬና ለእውነተኛ ማስረጃ መለያ ነው።

በቻይና ደግሞ የዴንግ ሆንግኩዊ ቡድን ሌላ መንገድ ሄደ። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ካለባት የ25 ዓመት ሴት የራሷን ሕዋሳት ወስደው በኬሚካል ወደ ግንደ ሕዋስነት መለሱ። ከዚያ ደሴቶች አድርገው በ2023 በሆዷ ጡንቻ ሽፋን ሥር ተከሉላት። ከ75 ቀን በኋላ ኢንሱሊን አቆመች፤ ውጤቱ በ2024 ታተመ። ነገር ግን ሴትየዋ ቀደም ሲል ጉበት ተተክሎላት ስለነበር የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክም መድኃኒት ትወስድ ነበር። ያለዚያ መድኃኒት ምን ይሆን እንደነበር ከእርሷ ታሪክ መናገር አይቻልም።

6. ምን ቀረ?

ደስ የሚለውን ከነገርኳችሁ፣ ሌላውንም መንገር አማና ነው።

አንደኛ፣ በቨርቴክስ ሙከራ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። አንዱ የሞተው ክሪፕቶኮከስ በሚባል ፈንገስ በመጣ የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ነው፤ ይህ ዓይነት ኢንፌክሽን የሚያጠቃው መከላከያው የተዳከመን ሰው ነው። ሁለተኛው ከቀድሞ የነበረበት የአእምሮ መዳከም ተባብሶበት ሞቷል። መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ቀላል አይደሉም። ስኳሩን በኢንሱሊን በደህና እየተቆጣጠረ ላለ ሰው፣ መርፌን በእነዚህ መድኃኒቶች መለወጥ ትርፍ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ካልበሰሉት ሕዋሳት ጥቂት እንኳ አብረው ቢገቡ ወደ ዕጢ የመለወጥ አደጋ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ምርት በጥብቅ መመርመር አለበት። ሦስተኛ፣ ሕዋሳቱ ለአሥርና ለሃያ ዓመት መሥራታቸው ገና አልታየም። አራተኛ፣ የተሞከረባቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው።

የመከላከያ መድኃኒቱን ለማስቀረት ተስፋ የሚሰጥ ሥራ ግን አለ። በስዊድን ኡፕሳላ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በታኅሣሥ 2024፣ ከለጋሽ የተገኙ ደሴቶች ጂናቸው ተስተካክሎ የመከላከያ ሥርዓት እንዳይለያቸው ተደርጎ በአንድ ሰው የክንድ ጡንቻ ውስጥ ተተከሉ። ያለ ምንም መከላከያ አዳካሚ መድኃኒት ሕዋሳቱ ከወራት በኋላም ኢንሱሊን ሲሠሩ ተገኙ። የተሰጠው መጠን ትንሽ ስለነበር ሰውየው መርፌውን አላቆመም። እነዚያ ደሴቶች ከስቴም ሴል የመጡ አልነበሩም፤ ሁለቱን መንገዶች ማጣመር ቀጣዩ ሥራ ነው።

7. ሕዋሱ ከየት መጣ? የዲን ጥያቄ

አንድ ሙስሊም ወጣት ይህን ሁሉ ሰምቶ ስለ ሕዋሱ ምንጭ መጠየቁ ተገቢ ነው። ከአሳማ የሚወጣ ኢንሱሊን በነበረበት ዘመንም ሙስሊሞች ዑለማእን ጠይቀዋል። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ መታከም ተወኩልን አይቃረንም። የመድኃኒቱ መንገድ ሐላል መሆኑን መጠየቅ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት በ17ኛ ጉባኤው፣ በታኅሣሥ 2003፣ ጉዳዩን መርምሮ ውሳኔ ሰጥቷል። ከውሳኔው ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ከአዋቂ ሰው በፈቃዱና ጉዳት ሳይደርስበት፣ ከእትብት ደምና ከእንግዴ ልጅ በወላጆች ፈቃድ፣ በራሱ ከወረደ ፅንስ፣ እንዲሁም ለመውለድ ሕክምና ተዘጋጅቶ ከተረፈና ወላጆቹ ከለገሱት ፅንስ የሚገኝ ስቴም ሴል ለሕክምናና ለተፈቀደ ምርምር መጠቀምን ፈቅዷል። ሆን ተብሎ ያለ ሸሪዓዊ ምክንያት ከተወረደ ፅንስ፣ ለዚህ ዓላማ ብቻ ከለጋሾች እንቁላልና ዘር ከተዘጋጀ ፅንስ እና ክሎኒንግ ከሚባለው ዘዴ የሚገኘውን ከልክሏል።

ከላቦራቶሪው በኩል ደግሞ ይህን እወቁ። በ2004 የሜልተን ቡድን ያዘጋጃቸው 17 የስቴም ሴል መስመሮች ለመውለድ ሕክምና ተዘጋጅተው ከተረፉና በወላጆች ፈቃድ ከተሰጡ ፅንሶች የተገኙ ናቸው። እንዲህ ያሉ ፅንሶች ዕድሜያቸው ጥቂት ቀን ነው፤ ብዙ ዑለማእ በሐዲስ ላይ ተመሥርተው ሩሕ ይነፋበታል ከሚሉት 120 ቀን እጅግ ይርቃሉ። ሆኖም በዚህ ጉዳይ የተለየ አቋም ያላቸው ዑለማእም አሉ። የያማናካ ዘዴ ብዙ ሰው የሚመርጠው ፅንስን ጭራሽ ስለማይነካ ነው። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ጉዳዩ በቤታችሁ ሲመጣ ለኡስታዛችሁ ወይም ለሼኻችሁ ትክክለኛውን የሕዋሱን ምንጭ ይዛችሁ ቅረቡ። ምንጩ ካልተገለጸ ትክክለኛ ፈትዋ መጠበቅ አይቻልም።

8. ማስታወቂያ ሲመጣ ምን እንጠይቅ?

አንድ የማከብራቸው አባት አንድ ቀን ወረቀት ይዘው ወደ ሥራ ቦታዬ መጡ። ሌላ አገር ያለ አንድ ክሊኒክ በሦስት ቀን የስቴም ሴል መርፌ ሁለተኛውን ዓይነት ስኳር «ከሥሩ እንደሚነቅል» ይናገራል። የተጠየቀው ገንዘብ ከባለቤታቸው ጋር ለሐጅ ለዓመታት የቆጠቡት ነበር። «ልጄ፣ አላህ ያመጣው ፈውስ ቢሆንስ?» አሉኝ። «አባ፣ ፈውስ ከአላህ ነው፤ እኛ ግን ሻጩን እንጠይቅ» አልኳቸው። አብረን ቁጭ ብለን አምስት ጥያቄዎች ጻፍን፤ ልጃቸው በኢሜይል ላከችላቸው።

ሀ. የምትሰጡት ሕዋስ ምን ዓይነት ነው? ቤታ ሕዋስ ነው ወይስ ከስብ ወይም ከመቅኔ የተወሰደ ሌላ ሕዋስ?
ለ. ምንጩ ከየት ነው? በማን ፈቃድ ተወሰደ?
ሐ. ከሕክምናው በፊትና በኋላ የሕሙማኑ ሲ ፔፕታይድ ስንት ነበር? በየትኛው የሕክምና መጽሔት ታተመ?
መ. በአገራችሁ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የተፈቀደ ነው? ሙከራ ከሆነ ደግሞ ለምን ሕመምተኛው ይከፍላል?
ሠ. ሕዋሱ የሌላ ሰው ከሆነ፣ ሰውነት እንዳያጠፋው ምን ታደርጋላችሁ?

የመጣው መልስ የዋጋ ቅናሽ ብቻ ነበር። እኚያ አባት ገንዘባቸውን አስቀመጡ፤ መድኃኒታቸውንም ቀጠሉ።

ጥያቄዎቹ ለምን እንደሚሠሩ አሁን ይገባችኋል። ከስብ ተጨምቆ በዚያው ቀን በመርፌ የሚሰጥ ሕዋስ፣ ከላይ ያየናቸውን ደረጃዎች አላለፈም። ቡቃያም ቤታም አልሆነም። ደረቅ ዱቄት ምጣድ ላይ እንደመበተን ነው። በተጨማሪም ከላይ ያየናቸው የቨርቴክስና የቻይና ውጤቶች በመጀመሪያው ዓይነት ላይ የታዩ ናቸው፤ የወላጆቻችን ስኳር ግን በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ይህን እስከምጽፍ ድረስ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለስኳር በሽታ የፈቀደው የስቴም ሴል ሕክምና የለም። በሰኔ 2023 የፈቀደው ላንቲድራ ከሞቱ ለጋሾች ደሴት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓይነት ላለባቸው ጥቂት ሕሙማን ብቻ ነው።

ሙከራ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ካለ፣ የአሜሪካ መንግሥት የሕክምና ሙከራዎች መዝገብ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው። በመዝገቡ ላይ መገኘት ብቻውን ግን የመንግሥት ፈቃድ ማለት አይደለም። ያገኛችሁትን አትማችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።

ከሁሉ በላይ፦ ማንም ሰው በማስታወቂያ ተማምኖ ኢንሱሊን እንዳያቆም። የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል። ረመዳን ከመግባቱ በፊትም ወላጆቻችሁን ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ መጾም ይችሉ እንደሆነና መድኃኒቱ እንዴት እንደሚስተካከል ቀድሞ ይወሰን። ለታመመ ሰው አላህ ማቅለያ አድርጓል።

9. ለውይይት

በቡድናችሁ እነዚህን ተወያዩባቸው።

1. ቤታ ሕዋስ የሚሠራቸው ሁለት ሥራዎች ምንድን ናቸው? መርፌ የትኛውን አይተካም?
2. ፒ ዲ ኤክስ 1 የሌለው አይጥ ምን ይሆናል? ይህ ስለ ቅደም ተከተል ምን ያስተምረናል?
3. ከ12ቱ ሕሙማን 10ሩ መርፌ አቁመዋል። ይህን ለእናታችሁ ሳታጋንኑም ሳታሳንሱም በአማርኛ እንዴት ትነግሯታላችሁ?
4. የያማናካ ዘዴና ከተረፈ ፅንስ የሚገኘው ሕዋስ በዲን ጥያቄ በኩል ምን ልዩነት አላቸው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ቤት ስትገቡ በተግባር ሞክሩት። ከእናንተ መካከል ባዮሎጂ፣ ሕክምናና ፋርማሲ የምትማሩ አላችሁ። ይህ መስክ ገና ብዙ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ዲኑንም ሳይንሱንም የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለኡማው አስፈላጊ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ሁሉ ያሽርልን፤ ለወላጆቻችን አፊያ ይስጥልን፤ ጠቃሚ ዕውቀትንም ይጨምርልን። አሚን።